ደግ ሹም ሕግ አይሆንም

«ሕጉስ መልካም ነው፤ ያበላሸው ሹሙ ነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ደግ ሹም የመጣ እንደ ሆነ ሁሉ ይቃናል ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። እኔ ግን ይህ ተስፋ ሰውን የሚያስተኛ ተስፋ ነው እላለሁ። ምስክር አድርጌ የምጠራውም የኮርያን የድሮ ልብ ወለድ ታሪኮች ነው፤ ይኸውም የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን በ1951 ደርሰው የተዋጉላት አገር ናት። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

በኮርያ ከ1392 ጀምሮ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የጆሶን መንግሥት ነግሦ ነበር። ይህ መንግሥት የኮንፊሽየስን ትምህርት መሠረቱ አድርጎ፥ ልጅ ለአባቱ፥ ሚስት ለባሏ፥ ሕዝብ ለንጉሡ ይታዘዝ ብሎ ያስተምር ነበር። መታዘዝን አልነቅፍም። ነገር ግን ሕጉ ሰውን ገና በማሕፀን ሳለ ይፈርድበት ነበር። በ1485 የጸናው ታላቁ የሕግ መጽሐፍ የቁባት ልጆች ለሹመት ፈተና እንዳይቀመጡ ከለከለ። ከባሪያ የተወለደም ባሪያ ነበር።

እንግዲህ ኮርያውያን ከሁሉ አብልጠው የሚወዱትን የቹንህያንግን ታሪክ እንመልከት። ቹንህያንግ በጆላ ክፍለ አገር በናምዎን ከተማ የምትኖር ቆንጆ ልጅ ናት። እናቷ ጊሴንግ ነበረች፤ ጊሴንግ ማለት በመንግሥት መዝገብ ተጽፋ ሹማምንትን በዘፈንና በጭፈራ የምታገለግል ሴት ናት። የገዥው ልጅ ሞንግርዮንግ ወዷት በስውር ተጋቡ፤ ኋላም ከአባቱ ጋር ወደ ዋናው ከተማ ሄደ። ከዚያ በኋላ አዲስ ገዥ መጣና ወደ እልፍኜ ግቢ አላት። እምቢ ብትለው አስገርፎ ወህኒ አገባት።

ልብ በል፤ ይህ ገዥ ሕግ አፈረሰ ትላለህን? የጊሴንግ ልጅ ጊሴንግ ናት፥ ሹም ያዘዛትን ትፈጽም ብሎ የተከራከረው ሕጉን ይዞ ነው። እርስዋም በራሱ በመንግሥቱ ትምህርት መለሰችለት፤ ታማኝ ዜጋ ለሁለት ንጉሥ እንደማይገዛ ታማኝ ሚስትም ለሁለት ባል አትገዛም አለች። መልሷ እውነት ነበር፤ ዱላውን ግን አላስቀረላትም።

ሞንግርዮንግ ፈተናውን በአንደኝነት አልፎ፥ በስውር የሚላክ የንጉሥ መርማሪ ሆኖ፥ ለማኝ መስሎ ደረሰ። ገዥው ልደቱን ሲያከብር የሥልጣኑን ምልክት አውጥቶ ከሹመቱ ሻረው። በዚህ ጊዜ አንባቢ ሁሉ ይደሰታል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ሞንግርዮንግ ፈተናውን ቢወድቅ ኖሮ የልጅቱ ዕድል ምን ነበር? በናምዎን መዝገብ ተጽፈው የቀሩትና ባል መርማሪ የሌላቸው የሌሎች ጊሴንጎች ልጆችስ? መርማሪው ሚስቱን አዳነ፤ መዝገቡ ግን እንደ ነበረ ቀረ።

ሆንግ ጊልዶንግም እንዲሁ ነው። ከሚኒስትርና ከገረድ የተወለደ ስለ ሆነ አባቱን «አባዬ» ብሎ ሊጠራው አልተፈቀደለትም። ሸፍቶ ግፈኞችን ሹማምንት ዘረፈ፤ ንጉሡም ሊይዘው ቢያቅተው የጦር ሚኒስትርነት ሰጠው። በመጨረሻ አገሩን ትቶ በሌላ ደሴት ነገሠ። ለአንዱ ጀግና መንገድ ተከፈተለት፤ ለሌሎቹ የቁባት ልጆች ግን በሩ እንደ ተዘጋ ነው። በግፍ የጠፉት ሁለቱ እኅትማማች ጃንግህዋና ሆንግርዮን ደግሞ ዳኛ የሰማቸው ሞተው፥ መንፈስ ሆነው ከታዩ በኋላ ነው። በነዚህ ታሪኮች ሁሉ ንጉሡን ከዙፋኑ የሚያወርድ የለም። «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ኮርያውያንም ያውቁት ኖሯል።

አሁን ከልብ ወለዱ ወደ እውነተኛው ታሪክ እንለፍ። በዚያው በቹንህያንግ ክፍለ አገር በጆላ፥ የጎቡ ወረዳ ገዥ በውሃ ግድብ ሰበብ በገበሬዎች ላይ ግፍ ቀረጥ ጣለባቸው። ገበሬዎቹ በ1894 ተነሡ። ከዋናው ከተማም ነገሩን የሚያጣራ መርማሪ ተላከ፤ ልክ እንደ ተረቱ! ነገር ግን ይህ መርማሪ የቀጣው ተበዳዮቹን ነው። ያን ጊዜ አመፁ ክፍለ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። የመንግሥትና የጃፓን ጦር ገበሬዎቹን ድል ነሣቸው፤ መሪያቸው ጆን ቦንግጁንም በ1895 በሞት ተቀጣ። ሆኖም በዚያው በ1894 ዓመት ባርነትና የጨዋና የተራ ሰው ልዩነት በአዋጅ ተሻረ። የባሪያን ልጅ ከባርነት ያወጣው አዋጅ እንጂ የመርማሪ ርኅራኄ አይደለም።

«ሕግስ ቢጻፍ ደግ ሰው ካልያዘው ምን ይረባል?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሕግ ያለ ደግ ሰው አይሠራም። ነገር ግን ደግ ሹም ይሻራል፥ ይዛወራል፥ ይሞታል፤ ሲሄድም ደግነቱን ይዞት ይሄዳል። መልካም ሕግ ግን ገና ላልተወለደው ይቆያል፤ ክፉ ሹም ቢመጣ እንኳ ተበዳዩ የሚቆምበት መሬት አለው።

እነዚያን ታሪኮች ያዜሙትንና የጻፉትን ሰዎች አልወቅሳቸውም። በግልጥ ሊናገሩት የማይችሉትን በተረት ተናግረዋል፤ ለተገፋውም ለጥቂት ሰዓት ሳቅ ሰጥተውታል። የምወቅሰው ስቆ ብቻ የሚነሣውን አንባቢ ነው። አንተ ግን፥ ወጣት ሆይ፥ እንዲህ ያለ ታሪክ አንብበህ ስትጨርስ «ግፈኛው ተሻረ፤ ሕጉስ ተሻረን?» ብለህ ጠይቅ። ነገ ሥልጣን ስትይዝም ሕዝቡ የአንተን ደግነት እየጠበቀ እንዳይኖር፥ ከአንተ በኋላ የሚቆም ሕግ ትተህለት ሂድ።