«እንዳለ ነው የሸጥኩልሽ» ማምለጫ አይሁን

ከናይሮቢ ንጎንግ መንገድ የገዛችሁት መኪና ሞያሌ ሳይደርስ ካምቢዮው ቢወልቅ የሻጩን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «ማማ፣ ደረሰኙን አንብቢ፤ እንዳለ ነው የገዛሽው።»

ይህች ቃል የምትሸፍነው ዓይን ያየውን ነው። የተበላ ጎማና የተሰነጠቀ መስታወት አይቶ የገዛ ሰው ዕዳው የራሱ ነው። ተበይዶ፣ በስቱኮ ተለስኖ፣ ቀለም የተቀባ ሻሲን ግን ማን አየው? ሻጩ እንጂ!

የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 46 ለገዥ ተገቢ ጥራት ያለው ዕቃ፣ አስፈላጊውን መረጃና በጉድለት ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ድንበሩን ብንሻገርም ያው ነው፤ በ1952 የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ «ኃላፊነት የለብኝም» የሚለው ውል አያድነውም ይላል።

እንግዲህ ነጋዴ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ሻጩ መኪናው ተጋጭቶ ያውቅ እንደሆነ በጽሑፍ ይፈርም። የራሳችሁ መካኒክ ከሥር ገብቶ ይየው። እምቢ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ብልሽት ካገኛችሁ ሳታስጠግኑ ፎቶ አንሱ፣ በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቁ። እስከ 1 ሚሊዮን ሽልንግ ያለውን ክስ የኬንያ የአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት ይሰማል።

እኛ ከላይ ጥሩ፣ ከታች ነቀዝ የበላው ባቄላ ብንሸጥ ገበያው በሳምንት ይተፋናል። የአንድ ቤተሰብ ሙሉ ካፒታል የሚቀበል መኪና ሻጭ በምን ይለያል?