የአቦል አየር

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ኢትዮጵያ የመረጠችውን ስያሜ ይፋ አደረገ። አንዲት ኮከብ «ቡና» ተባለች፤ የሚዞራት ግዙፍ ፕላኔትም «አቦል»። አቦል ክብደቱ ከጁፒተር አራት እጥፍ በላይ ሲሆን፣ አንድ ዙር ለመጨረስ ወደ 1000 ቀን ይፈጅበታል። ሸኮ ጫካ ውስጥ ቡና ሲለቅም ለዋለ ሰው ስሙ ያስቃል፤ ያኮራልም። ታዲያ ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ የተመረቀ ልጅ «የሩቅ ፕላኔቶችን አየር ነው የማጠናው» ቢል ምን እንበለው?

«ተው!» የሚሉት ወገኖች መከራከሪያ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ሲታይ፣ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መርጠው አወጡ። 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ዛሬም በገበሬው ማሳ ላይ አሉ። ፍሬው ሲጠቁርበት ያየ ገበሬ ስለ ሰማይ ጋዝ ግድ የለውም። ደግሞስ በምን ይታያል? የሸኮ ሰማይ ዝናብና ደመና ይበዛበታል፤ የእንጦጦዎቹ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖችም ለዚህ ሥራ አይበቁም።

ለዚህ ሥራ ግን የራስ ቴሌስኮፕ የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ወደ 700 የብርሃን ዓመት የሚርቀውን ፕላኔት ዋስፕ-39ቢን ተመለከተ። ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ በአየሩ ውስጥ የሾለከው ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳለ ነገረን። ኋላም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ተገኘ፤ ይህን ጋዝ ያስገኘው የኮከቡ ብርሃን የቀሰቀሰው ኬሚስትሪ ነው። መረጃው ለማንም ክፍት ነው፤ ላፕቶፕ ይበቃል፣ ኔትወርኩ ካልጠፋ። ብርሃንን በትኖ ማንበብ የቡና ፍሬ ውስጥ ያለውን ካፌይን ለመለካትም የሚያገለግል ሙያ ነው።

ደጋፊዎቹ ላይ የማልወደው በአቦል ስም ማባበላቸውን ነው። አቦል እ.ኤ.አ. በ2009 የተገኘው ኮከቡ ቡና ስትወዛወዝ ታይቶ እንጂ በፊቷ ሲያልፍ ታይቶ አይደለም። ስለዚህ አየሩ በዚህ መንገድ አይነበብም። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ከሰማይ የመለሱት ተማሪ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቡና ላቦራቶሪ የሚገባ ይመስላቸዋል።

ልጁ እኔን ቢያማክረኝ፣ ቀን የጀንፈሉን ካፌይን ይለካ፤ ማታ መብራት ካለ የዋስፕን መረጃ ያገላብጥ እለዋለሁ። አቦልን ከመመረቂያ ጽሑፉ ያውጣው፤ በምርቃቱ ቀን ጀበናው አጠገብ ያንሳው።