«በጀታችንን ፈጽመናል» ማለት ምን ማለት ነው?

እኛ በምንኖርበት በሎስ አንጀለስ የከተማውም ሆነ የካሊፎርኒያ መንግሥት የሒሳብ ዓመት የሚዘጋው በፈረንጆች ጁን 30 ቀን ነው። በአገራችን ደግሞ የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን ነው። ሁለቱ ቀኖች አንድ ቢመስሉም በመካከላቸው የአንድ ሳምንት ልዩነት አለ። በዚያች ሳምንት እዚህም እዚያም መዝገብ ይዘጋል፤ ሪፖርት ይጻፋል፤ ከዚያም ሹማምንት በምክር ቤት ፊት ቆመው «በጀታችንን ከመቶ ይህን ያህል ፈጽመናል» ይላሉ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ቃል ነው። የክልል መንግሥት በዓመቱ መጨረሻ «ፈጽመናል» ሲል ምን ፈጸመ ማለት ነው? ይህንንስ መጠየቅ የሚገባው ማን ነው?

ነገሩ በሐሳቤ የተነሣው በአንድ የእሑድ ስብሰባ ላይ ነው። ከሚራክል ማይል ተነሥተው በፌርፋክስ ጎዳና ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በተባለው ሠፈር፣ ባንድ ምግብ ቤት ውስጥ ያንድ ወረዳ ልጆች ተሰብስበን ነበር። ጉዳያችን የትምህርት ቤት ጣራ የሚታደስበት ገንዘብ ማዋጣት ነው። ሁሉም ከልቡ ሰጠ። ታክሲ ነጂው፣ ነርሷ፣ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂው ከላቡ ከፍሎ አወጣ። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ እኅታችን እጇን አንሥታ «ወረዳው ለትምህርት ቤቱ የያዘው በጀት ስንት ነው? ባለፈው ዓመትስ ምን ተሠራበት?» ብላ ጠየቀች። ቤቱ ዝም አለ። አንድ አባት «ልጄ፣ እሱንማ መንግሥት ያውቃል» አሉና ሳቅ ሆነ። ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን አፈርሁ። የካሊፎርኒያን በጀት ለፈተና አጥንቼ ሳለ የተወለድሁበትን ወረዳ በጀት አንድ ቀን እንኳ አይቼ አላውቅምና።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግብርን በፌዴራል መንግሥትና በክልሎች መካከል አከፋፍሏል። ክልሎች በአንቀጽ 97 መሠረት ከሠራተኞቻቸው ደመወዝ፣ ከገበሬው የእርሻ ገቢ፣ ከመሬት መጠቀሚያና ከግለሰብ ነጋዴዎች ግብር ይሰበስባሉ። ጉምሩክና የውጭ ንግድ ቀረጥ፣ ትልልቆቹ ምንጮች፣ በአንቀጽ 96 ለማዕከሉ ተሰጥተዋል። ስለዚህ የክልሎች ወጪ በብዛት የሚሸፈነው ከፌዴራል በሚላክ ድጎማ ሲሆን፣ የማከፋፈያውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና የደቡብ ክልል ከፊት ሆነው የጥቅል በጀትን ለወረዳ ማውረድ ጀመሩ። በሕጉ እንግዲህ የገበሬው ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት በጀት የሚቆረጠው እዚያው ወረዳው ምክር ቤት ውስጥ ነው።

ገንዘቡስ ምን ያህል ነው? በ2017 የበጀት ዓመት መጀመሪያ የጸደቀው የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበረ፤ ከዚያ ለክልሎች ድጎማ የተያዘው 222.7 ቢሊዮን ነው። ለ2018 በጀቱ ወደ 1.93 ትሪሊዮን ሲያድግ የክልሎች ድጎማ ወደ 315 ቢሊዮን ገደማ ከፍ አለ። በቁጥር ሲታይ አድጓል። ነገር ግን ከጠቅላላው ያለው ድርሻ ከመቶ 23 ያህል የነበረው ወደ 16 ዝቅ ብሏል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ከተለቀቀ በኋላም የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ስለ ወጣ፣ መድኃኒትና ነዳጅ የሚገዛበት ያ ብር የቀድሞው ብር አይደለም። «ካምናው ዘንድሮ ብዙ ተመደበ» የሚል ሪፖርት ስናነብ ይህን ማሰብ ይገባናል።

አሁን ወደዚያች ቃል እንመለስ። «ከመቶ 98 ፈጽመናል» ሲባል የሚነገረው፣ ከተፈቀደው 100 ብር ውስጥ 98ቱ ከሣጥን መውጣቱ ነው። ወጥቶ ምን እንደ ሆነ ቃሉ አይናገርም። የወረዳን መዝገብ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚነግረን አብዛኛው ገንዘብ የሚሄደው ለደመወዝ ነው። ደመወዝ መክፈል ግዴታ ነው፤ መምህሩም ሐኪሙም በልቶ ማደር አለበት። ነገር ግን ከደመወዝ የተረፈው ጥቂት ስለሆነ መምህር አለ፣ መጽሐፍ የለም፤ ነርስ አለች፣ መድኃኒት የለም፤ የውሃ ባለሙያ አለ፣ ለተበላሸው ፓምፕ መለዋወጫ የለም። በሪፖርቱ ግን ይህ ሁሉ «ተፈጽሟል»። በተጨማሪም ያልተሠራበት ገንዘብ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ግምጃ ቤት ስለሚመለስ፣ አሥራ አንድ ወር ተኝቶ የቆየው ግዢ በሰኔ ይጣደፋል። ወንበር ይገዛል፤ ስብሰባ ይጠራል፤ አበል ይከፈላል። የፈጻሚነት ቁጥሩ ያን ጊዜ ያምራል።

ሌላም የማይታይ ቀዳዳ አለ። ክልሎች ለገበሬው የማዳበሪያ ብድር ዋስ ሲሆኑ፣ ዕዳው በጊዜው ካልተመለሰ ከድጎማቸው ላይ ይቆረጣል። ዋስትናውን የፈረመ ሌላ፣ የተጎዳው ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ መምህራን ደመወዝ ሳይከፈላቸው ወራት አለፉብን ብለው አቤት ሲሉ፣ የክልል ሒሳብ የቢሮ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን አገር ሁሉ ዐየ።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር፣ በ1951 ዓ.ም. የጤና ግብር በመሬት ላይ ሲጣል፣ ገበሬው ልጁ ይማርበታል፣ በሽተኛው ይታከምበታል ተብሎ ከፈለ፤ በብዙ ቦታ ግን ትምህርት ቤቱንም ሐኪም ቤቱንም ሳያይ አረጀ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የአውራጃ ራስ አስተዳደር ትእዛዝ ቁጥር 43 በየአውራጃው የሚሰበሰበውን ገንዘብ ሕዝቡ ራሱ እንዲያስተዳድር የታሰበ ነበረ፤ በፓርላማ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ አልከፍልም ብሎ ተነሣ፤ ጦር ዘመተበት፤ በመጨረሻ ግን ገዥው ከቦታቸው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረለት። ታሪክ ጸሐፊዎች ለዚያ ዐመፅ ብዙ ምክንያት ይሰጣሉ። ከሁሉም በታች ግን አንድ ቀላል ነገር አለ፤ ይኸውም የሚከፍለው ሰው ገንዘቡ የት እንደሚደርስ አለማወቁ ነው።

የውጭ አገር መንግሥት ሁሉ ፍጹም ነው ብዬ እንዳላታልል፣ እዚሁ ደጃችን ያለውን ልንገራችሁ። የካሊፎርኒያ መንግሥት በአምስት ዓመት ውስጥ ቤት ለሌላቸው ሰዎች ጉዳይ 24 ቢሊዮን ዶላር ያህል አወጣ። በ2024 እ.ኤ.አ. የመንግሥቱ ዋና ኦዲተር መርምሮ፣ ያ ገንዘብ ምን ውጤት እንዳመጣ በወጉ ተከታትሎ የመዘገበ እንዳልነበረ ለሕዝብ አስታወቀ። ከፌርፋክስ ጥቂት መንገድ ወጣ ብሎ ድንኳን ውስጥ የሚያድረውን ሰው ለሚያይ ሁሉ ነገሩ የሚያስደንቅ አልነበረም። በሽታው እንግዲህ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። እዚህ የተሻለው አንድ ነገር፣ መርማሪው የመረመረውን በግልጥ መናገሩና ጋዜጣው፣ ተማሪውና ግብር ከፋዩ አንብቦ መጠየቁ ነው።

«በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት አለ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕፃን ከትምህርት ርቆ ሳለ ስለ ሒሳብ መዝገብ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ወንድም ይኖራል። ሐዘኑን እጋራለሁ፤ በሐሳቡ ግን አልስማማም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ የትምህርቱ በጀት የት ዋለ ብሎ መጠየቅ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። በሰላም ጊዜ ያልተጠየቀ ሒሳብ በጦርነት ጊዜ ጭራሽ ይጠፋል፤ ሰላም ሲመጣም ትምህርት ቤቱን መልሶ የሚሠራው ያው መዝገብ ነው።

መጠየቅ ደግሞ መብት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጥ መሆን አለበት ይላል፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590ም ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በብዙ ወረዳ የበጀት መረጃ በሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ መመሪያ ተሰጥቶ ነበር።

ስለዚህ በአገር ውስጥ ያላችሁ ተማሪዎች ለክረምት ወደ ቤተ ሰባችሁ ስትመለሱ፣ ሁኔታው በሚፈቅድበት ሁሉ ወደ ወረዳው የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ምን ተፈቀደ? ምን ወጣ? ምን ተሠራ? ሦስተኛውን በወረቀት ብቻ አትመኑ፤ ሄዳችሁ ቁጠሩ። ስንት መጽሐፍ ለስንት ተማሪ? ፓምፑ ውሃ ይቀዳል ወይ? ያያችሁትንም ለአባቶቻችሁና ለእናቶቻችሁ በሚገባቸው ቋንቋ አንብቡላቸው። እኛ በውጭ ያለን ደግሞ ለጣራ ስናዋጣ የወረዳውን የበጀት ገጽ አብረን እንጠይቅ። አለዚያ ገንዘባችን መንግሥት በጀት ይዞለት ያልሠራውን ሥራ እየሸፈነ፣ ሪፖርቱን የሚያሳምር ይሆናል።

ያቺ እኅታችን ጥያቄዋ ሳይመለስላት ወጥታለች። በሚቀጥለው ስብሰባ ከመዋጮው በፊት የእርሷ ጥያቄ የመጀመሪያው አጀንዳ እንዲሆን አሳስቤአለሁ። እናንተም በየማኅበራችሁ እንዲሁ አድርጉ።