የስንብት ገንዘብና የነጋዴው መዝገብ

ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ፣ የጭነቱን ኪራይና የመጋዘኑን ወጪ ሳይመዘግብ አያድርም። ነገር ግን ከዓመት ወደ ዓመት በዝምታ የሚያድግ አንድ ዕዳ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል፤ ይኸውም የሠራተኛ የስንብት ክፍያ ነው። ከደሴ በአቀስታ አልፎ እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ፣ እህል ገዝቶ የሚልከውም ሆነ ባለሱቁ፣ ዘበኛውንና ሾፌሩን ለረጅም ዘመን አሠርቶ ሒሳቡን በመጨረሻው ቀን ቢጀምር «ዕዳ ከሜዳ» ማለቱ አይቀርም።

ለወታደሩና ለመንግሥት ሠራተኛው በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ጡረታ ተደንግጎላቸዋል። ዛሬም የሠራዊት አባል ከደመወዙ 7 ከመቶ ሲያዋጣ መንግሥት 25 ከመቶ ይጨምርለታል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የሚያገለግል አጠቃላይ የጡረታ አዋጅ የወጣው ግን በ2003 ዓ.ም. ነው፤ በዚህም ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣሉ።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የጡረታም ሆነ የፕሮቪደንት ፈንድ መብት የሌለው ሠራተኛ በጡረታ ዕድሜ ሲሰናበት የስንብት ክፍያ ይገባዋል። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ 30 እጥፍ፣ ለተከታዩ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሢሶ ይታሰባል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በወር 6,000 ብር እያገኘ 22 ዓመት ያገለገለ ዘበኛ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሩት 21 ዓመታት 42,000፣ በድምሩ 48,000 ብር ይደርሰዋል። ደመወዙ በመጨረሻ 9,000 ብር ቢሆን ያለፉት ዓመታት ሁሉ በአዲሱ ደመወዝ ስለሚታሰቡ ዕዳው ወደ 72,000 ብር ያድጋል።

ግብሩም ጥንቃቄ ይሻል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ በወር እስከ 2,000 ብር የሚደርስ ደመወዝ ግብር የለበትም፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ግን 35 ከመቶ ይከፈልበታል። 48,000 ብሩ እንደ አንድ ወር ገቢ ቢቆጠር ግብሩ 14,750 ብር ይሆናል። በአሠራሩ በወር ደመወዙ ተካፍሎ የ8 ወር ገቢ ሆኖ ሲታሰብ ግን በየወሩ 700፣ በድምሩ 5,600 ብር ብቻ ነው። ልዩነቱ 9,150 ብር፣ የሽማግሌው የወር ተኩል ደመወዝ ነው። የጸሐፊ ስሕተት ይህን ያህል ያስከፍላል።

«በየወሩ 11 ከመቶ መክፈል ለትንሽ ሱቅ ይከብዳል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከ6,000 ብር ላይ 660 ብር ይሆናል፣ የስንብቱ ዕዳ ግን ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ለወር 167 ብር አይሞላም። ሆኖም ስንብት የ8 ወር ቀለብ ሲሆን ጡረታ እስከ ዕለተ ሞት ይዘልቃል፤ ሕጉም መዋጮውን ለነጋዴው ምርጫ አልተወውም። አሠሪው የሚያዋጣው እስከ ደመወዙ 15 ከመቶ ድረስ በሠራተኛው ላይ ግብር አያስከትልም።

ስለዚህ መዋጮው በየወሩ በጊዜው ይግባ፤ ስንብት የሚገባውም ሠራተኛ ካለ ዕዳው በየዓመቱ መጨረሻ ታስቦ በመዝገብ ይስፈር። ሥራው ሲቋረጥ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ ጨምሮ እንዲከፍል ሊፈረድበት ይችላል። ጉልበቱን በነጋዴው ደጅ የጨረሰ ሰው የሚገባውን ሳይለምን ሲቀበል የንግዱም ስም ይከበራል።