ዘጠነኛ ክፍል ስትገቡ አማርኛውን አትተዉት



ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ጎበዝ ተማሪያችን "ጋሼ፣ ከመስከረም ጀምሮ አልመጣም" አለችኝ። ካቶሊክ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ትምህርቱ ይበዛል፤ ስፖርት አለ፣ ክርክር አለ፣ መዘምራን አለ። የበጎ አገልግሎት ሰዓትም መሙላት አለባት።

በመግባቷ እኔም ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ዘመን አስቆጥረዋል፤ እዚሁ ዋሽንግተን ያለው ጆርጅታውን ቪዚቴሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1799 ነው። በሴቶች ትምህርት ቤት የተማሪዎች ምክር ቤት ሊቀመንበሯም፣ የቡድን አምበሏም፣ የሳይንስ ክበብ መሪዋም ሴት ልጅ ናት። "ይሄ የወንድ ነው" የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ አማርኛው ለምን ይቀራል? በብዙ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ላቲን ይማራሉ። በላቲን ስልክ ደውላ "ደህና ነሽ ወይ ልጄ?" የምትል አያት ግን የለችም። በአማርኛ አለች።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማመዛዘን ልማዴ ነው። ምክሬም ይህ ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት እየመጣሽ ለትንንሾቹ ፊደል አስቆጥሪ። ሰዓቱ በበጎ አገልግሎት ይያዝልሽ እንደሆነ ትምህርት ቤትሽን ጠይቂ፤ ደብዳቤውን እኛ እንጽፋለን። አንዱን ሰዓት ሁለት ቦታ መቁጠር በእኔ ሙያ ክልክል ነው፣ እዚህ ግን ይፈቀዳል!

ወላጆችም "ጊዜ የላትም" ብላችሁ አታስቀሩብን። ትልልቆቹ ከቀሩ ትንንሾቹ ማንን አይተው ይማራሉ?

መልካም ሳምንት!