ከበሽታው ስሙ



ውድ አንባቢያን! ከሰንበቴ፣ ከከሚሴና ከአካባቢው ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሌሎች ከተሞች ለከፍተኛ ትምህርት የሚሄዱ ልጆቻችንን ስንሸኝ ስለ ዲናቸውና ስለ ትምህርታቸው ብዙ እንመክራቸዋለን። በዶርም ኑሮ ስለሚተላለፉ በሽታዎች ግን እምብዛም አንነጋገርም። ዛሬ ከእነዚህ አንዱን እናንሳ። ሐኪሞች ኢንፌክሽየስ ሞኖኑክሊዮሲስ ይሉታል። በምዕራባውያን ኮሌጆች ግን የሚታወቀው «የመሳሳም በሽታ» በሚል ቅጽል ነው። ጣጣውም ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዲት እህታችን ይህ በሽታ ተገኘባት ቢባል፣ ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ምን ሊጠረጥር እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ኤፕስታይን ባር የተባለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1964 ለንደን ውስጥ የታወቀው፣ ከኡጋንዳ ከተላከ የካንሰር ዕጢ ናሙና ነበር። በዓለም ላይ ካሉ 100 አዋቂዎች ከ90 የማያንሱት ቫይረሱን በሰውነታቸው ይዘው ይኖራሉ። አንድ ጊዜ ከገባ አይወጣም፤ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው እንኳ በየጊዜው ከምራቁ ጋር ያወጣዋል።

መተላለፊያው ምራቅ ነው፤ ምራቅ ደግሞ ብዙ መንገድ አለው። እናት አላምጣ ለልጇ የምታጎርሰው ምግብ አለ። ጓደኛሞች እየተቀባበሉ የሚጠጡበት ኩባያ ወይም ሃይላንድ፣ የጋራ ማንኪያ፣ የተዋሱት መፋቂያም አለ። እንደ እኛ ባሉ አገሮች አብዛኛው ሰው ገና በሕፃንነቱ ይዞት፣ ያለ ምልክት ወይም እንደ ተራ ጉንፋን ያልፍለታል። ሕመሙ የሚጠናው በልጅነቱ ሳይዘው ቀርቶ በወጣትነቱ ባገኘው ሰው ላይ ነው። ምልክቱም የሚታየው ቫይረሱ ከገባ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ «ከማን ያዘሽ?» ለሚለው ጥያቄ ሐኪሙም መልስ የለውም።

ምልክቶቹ ትኩሳት፣ ከባድ የጉሮሮ ሕመም፣ የአንገት ንፍፊትና ለሳምንታት የማይለቅ ድካም ናቸው። እነዚህን ያየ ተማሪ ሦስት ነገሮችን ይጠንቀቅ።

አንደኛ፣ በራሱ ፈቃድ አሞክሳሲሊን ገዝቶ አይዋጥ። መድኃኒቱ ቫይረስን አይገድልም፤ ይልቁንም ይህ በሽታ ባለባቸው በአንዳንድ ሰዎች ላይ መላ ሰውነትን የሚሸፍን ሽፍታ ያስከትላል። ጉሮሮው አበጠ ብሎም እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው አይሂድ። የደም መፍሰስና የከፋ ቁስለት ሊገጥመው ይችላልና።

ሁለተኛ፣ በዚህ በሽታ ጣፊያ ሊያብጥ ስለሚችል ቢያንስ ለ3 ሳምንት፣ ሐኪም እስኪፈቅድለትም ድረስ፣ ከኳስ ጨዋታና ከከባድ ሸክም ይራቅ። በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር ድንገተኛ ኃይለኛ ሕመም ከተሰማው፣ ጣፊያው ፈንድቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ።

ሦስተኛ፣ ይመርመር። በቆላው አካባቢያችን ትኩሳት ወባም ሊሆን ይችላል። አዲስ የገባ ኤች አይ ቪም በተመሳሳይ ምልክት ሊጀምር ይችላል። ሳይጠፋ የከረመ የአንገት ንፍፊት ደግሞ ቲቢ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ ሕክምና አላቸው። ሞኖኑክሊዮሲስ ግን በዕረፍት፣ ፈሳሽ በብዛት በመውሰድና በማስታገሻ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ስሙን የፈራች ልጅ ሕመሟን ትደብቃለች። ሕመሟን የደበቀች አትመረመርም። ሳትመረመር የቀረችው ደግሞ ያመማት ቲቢ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሐሜቱ ከበሽታው የበለጠ ይጎዳል የምንለው ለዚህ ነው። በሱረቱል ሑጁራት ከጥርጣሬ እንድንርቅ፣ ነውርን እንዳንከታተልና እንዳንተማማ ታዘናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ በመጠጫ ዕቃ ውስጥ መተንፈስንና ከውሃ መያዣው አፍ በቀጥታ መጠጣትን ከልክለዋል። ሁለቱም ትምህርቶች ለዶርም ኑሮ የተመቹ ናቸው።

እናንተ ወጣቶች፣ ውሃችሁን ለጓደኛ አትንፈጉ፤ በየራሳችሁ ኩባያ ቀድታችሁ ተካፈሉ እንጂ። መፋቂያችሁንም አትዋዋሱ። እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ ደውላ «አሞኛል» ስትላችሁ፣ «ማንን አገኘሽ?» ከማለታችሁ በፊት «ሐኪም ዘንድ ሄድሽ ወይ?» በሏት።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድላቸው፤ አንደበታችንንም ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።