መለወጥና መለዋወጥ

በየቀኑ ከምንናገራቸው ቃሎች አንዱ «ለወጠ» የሚለው ነው። የቤት እመቤት ገብሷን በጤፍ ትለውጣለች፤ ዳኛ ለባለጉዳይ ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ልጆችም መጻሕፍታቸውን ይለዋወጣሉ። ቃሉ በአፍ የተለመደ ስለ ሆነ ምሥጢሩን የሚመረምር ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ከወዴት እንደ መጣና ምን እንደሚያስተምረን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጽ ወደድን።

ሥሩ ግእዝ ነው። በግእዝ «ወለጠ» ማለት ሌላ አደረገ፣ አንዱን በሌላው ፈንታ ሰጠ ማለት ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ «ወ» እና «ለ» ስፍራቸውን ተለዋወጡና «ለወጠ» ሆነ። የጥንቱ መልክ ግን ጨርሶ አልጠፋም። የሰዋስው መምህራን በስም ፈንታ የሚገባውን ቃል «ተውላጠ ስም» ይሉታል፤ የስም ምትክ ማለት ነው። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያንም ምሥጢረ ተዋሕዶን ሲያስተምሩ «ያለ ውላጤ» ይላሉ፤ ይኸውም ባሕርይ ወደ ሌላ ሳይለወጥ ማለት ነው። ከነዚህ ሁለት ምስክሮች እንደምንረዳው ቃሉ ሁለት ፍች ይዟል፤ አንደኛው ሌላ መሆን፣ ሁለተኛው በፈንታ መተካት ነው።

ይህን ሁለተኛውን ፍች የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በሥራ ያውቁታል። ከፍታው ከ4000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ ደጋ ገብስ ያበቅላል፤ ወደ ጣና ወርዶ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ጤፍና ኑግ ያበቅላል፣ ከብትም ያረባል። አንዱ ያለው ለሌላው ስለማይገኝ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ገበያ ነው። በዘመነ መሳፍንት፣ የየጁ ራሶች ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ባደረጉበት ጊዜ፣ የይፋግ ገበያና የደሪጣ ነጋዴዎች ስማቸው የታወቀ ነበር።

በነዚያ ገበያዎች የሁሉ መለወጫ ሆኖ የኖረው ከአፋር ቆላ እየተቆረጠ የሚመጣው አሞሌ ጨው ነበር። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። ኋላም 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸባት የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር መጣች፤ ተቀባዩም በጌጧ ላይ ያለውን ዕንቁ ሳይቆጥር አይቀበላትም ነበር። ከዚያ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን ብር አሠሩ፤ በ1937 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ ዐዋጅም የኢትዮጵያ ብር ጠገራዋን ተካ።

በገንዘብ የሚደረገውን ግብይት ግን «ሸጠ» እና «ገዛ» በሚሉት ቃሎች እንናገራለን። «ሸጠ» ከግእዙ «ሤጠ» የተገኘ ነው። «ገዛ» ደግሞ በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው፤ ሰው በቅሎም ይገዛል፣ አገርም ይገዛል። ስለዚህ «ገዢ» ስንል የጌትነት ሽታ አለበት። «ተለዋወጠ» በሚለው ግን ገዢም ተገዢም የለም። ይህ ግሥ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው የማይቻል ነው፤ ሁለት ወገን ይፈልጋል፣ ሁለቱም ሰጪ፣ ሁለቱም ተቀባይ ናቸው።

የአገራችን ገበሬ ይህን በእርሻው ያሳያል። ወንፈል ሲገቡ ዛሬ በአንዱ ማሳ፣ ነገ በሌላው ማሳ ይሠራሉ፤ የጉልበት ልውውጥ ነው። በመቀናጆም አንዳንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ጠምደው በየተራ ያርሳሉ። አንዱ የራሱን አርሶ የባልንጀራውን ተራ ቢያስቀር፣ የዚያ ቤት ልጆች የዓመቱን እንጀራ ያጣሉ። ልውውጥ ከመታመን ጋራ ካልሆነ እንዲህ ያለ ጉዳት አለበት።

እንግዲህ ልንጠነቀቅበት የሚገባን ይህ ነው። በነሐሴ ጎተራው የተራቆተበት ሰው በጉን ይዞ እህል ሊለውጥ ሲመጣ፣ ችግሩን አይቶ እህሉን የሚያሳንስበት ባለጸጋ አይታጣም። በሞላ ቁና ተቀብሎ በጎደለ ቁና የሚሰጥም አለ። በከተማም «ልዋጭ!» እያለች ብርጭቆና ሳሕን ተሸክማ በየመንደሩ የምትዞር ሴት አለች፤ ያረጀ ልብስ ተቀብላ ዕቃ ትሰጣለች። በቀኑ ድካም ዝላ ማታ በራችን ላይ ስትደርስ የድካሟን ዋጋ መንፈግ፣ ስሙ ልውውጥ ይባል እንጂ ነገሩ ቅሚያ ነው። ሁለቱም ወገን «ተለዋወጥን» ብለው ቢለያዩም፣ አንዱ የተናገረው ከችግር የተነሣ ነው።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁ መጽሐፍ ወይም መጫወቻ ተለዋውጠው ሲመጡ ያገኙትን ብቻ አትጠይቋቸው፤ ባልንጀራቸው ምን ይዞ ወደ ቤቱ እንደ ገባም ጠይቋቸው። ይህን ጥያቄ የለመደ ልጅ አድጎ በገበያ ሲቆም ቁናውን አያጎድልም፤ ለሹመት ቢበቃም በደጁ የቆመውን ባለጉዳይ ችግር እንደ ትርፍ አይቈጥረውም።